ረቡዕ ፍልፈል የበላችው ቀበሮ

ልብ ብላችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሥራ ፈት አውሬ የለም። አንበሳው ስለ ትዕቢት ያስተምራል፣ ጦጣዋ ስለ ብልጠት፣ ኤሊዋ ስለ ትዕግሥት። ጅብ ደግሞ ምንም አደረገ ምን፣ መጨረሻው ላይ ገደል ይገባል። ደመወዝ ሳይከፈለው፣ ዝውውር ሳይጠይቅ፣ ዕድሜ ልኩን ሥነ ምግባር ሲያስተምር የሚኖር መምህር ቢኖር የተረት አውሬ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሥርዓት እወዳለሁ። አውሬም ቢሆን የሥራ መደቡ ቢታወቅ ምን ይጎዳል?

ስለ ተራራና ስለ ብሔራዊ ፓርክ የተጻፉት የውጭ መጻሕፍት ግን ሌላ ናቸው። ታናሽ እህቴ ትርንጎ እዚህ ደብረ ታቦር የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት። ለትምህርት ቤቷ በካርቶን የታሸጉ የእርዳታ መጻሕፍት መጥተው ስለነበር፣ እኔም ማንበብ ከማይጠሉት ወገን ነኝና አንድ በአንድ አገላበጥኋቸው። ለጎረምሶች የተጻፉት ሁሉም ወንድማማች ናቸው። ጢም ያላበቀለ ልጅ ለወላጆቹ ሳይናገር ፓርክ ይገባል፣ ይጠፋል፣ ድብ ያባርረዋል፣ ወንዝ ይወስደዋል፤ በመጨረሻ ጀግና ተብሎ ቤቱ ይመለሳል። የሚገርፈው የለም።

ይህ ለእኛ አገር አይሆንም። በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ መጥፋት ቀላል ነገር አይደለም። ከከተማው ወጥታችሁ ወደ ጉና አቅጣጫ ጥቂት እንደሄዳችሁ፣ «እዚህስ ማንም የለም» ባላችሁበት ቦታ፣ ከድንጋይ ኋላ አንድ ሰው ብድግ ይልና «የማን ልጅ ነህ?» ይላችኋል። የአባታችሁን ስም ስትነግሩት የአያታችሁን እሱ ይጨምርላችኋል። ከዚያ ወዲያ ልጥፋ ብትሉም አይሳካላችሁም። እናንተ ሳትደርሱ ወሬው ቀድሞ ደርሶ፣ እናታችሁ በር ላይ ቆማ ትጠብቃችኋለች። እጇ ባዶ አይሆንም።

የትንንሾቹ መጻሕፍት ደግሞ ሥዕል ይበዛባቸዋል። በአንዱ ላይ አባት፣ እናትና ልጆች በረዶ ከለበሰ ተራራ ሥር ድንኳን ተክለው ይስቃሉ። ትርንጎ ይህን ሥዕል ለተማሪዎቿ ብታሳይ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» አላት። አጠገቡ ያለችው ቀበል አድርጋ «ታዲያ ምን ያስቃቸዋል?» አለች። ልጆቹ ምን አጠፉ? ድንኳን የሚተከለው ወይ ለለቅሶ ወይ ለሠርግ ነው። ሠርግ እንዳይባል ሙሽራ የለም። ቤት እያለው በገዛ ፈቃዱ ውርጭ ላይ የሚያድር ቤተሰብ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ገና አልተፈጠረም።

ነገሩ ለትርንጎ የገባት ያን ቀን ነው። ከክፍሏ መስኮት ጉና ፊት ለፊት ይታያል። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እነዚህ ልጆች በዓይናቸው የማያዩትን ድብ ስም ያውቃሉ፤ ጉና ላይ ያለችውን ቀይ ቀበሮ ግን የሚያውቋት በስድብ ነው።» ክረምቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሌላው ዘመድ ሲጠይቅ፣ እሷ በቀለምና በብሩሽ ተቀመጠች። መጽሐፉን ራሷ ሥላ፣ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ጠረዘችው። ስሙ «የቀበሮዋ ሳምንት» ነው። ሰኞ ቀበሮዋ ከጅባራ፣ ከዚያ ከረጅሙ የደጋ ተክል ሥር ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ማክሰኞ ጓሳው ላይ ትሮጣለች፤ ረቡዕ አድብታ ፍልፈል ይዛ ትበላለች፤ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ። ልጆቹ የቀናትን ስምና የተራራቸውን ኑሮ አብረው ይማራሉ። ሥዕሉን ብታዩት! ቀበሮዋ ከወረቀቱ ዘላ የምትወጣ ነው የምትመስለው። ፍልፈሉ ብቻ የትም የሚወጣ አይመስልም።

ርእሰ መምህሩ አይተው ወደዱት። ነገር ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው። አዲሱ የንባብ ክፍል በመጪው ቅዳሜ ወላጆች ባሉበት ይከፈታል፤ «የወላጆች ኮሚቴ ካጸደቀው መደርደሪያው ላይ የክብር ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ካላጸደቀው ይዘሽው ወደ ቤትሽ» አሏት። ትርንጎም እኔን በአርታኢነት ይዛኝ ሄደች። የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ ሥነ ጽሑፍ አውቃለሁ ብላ ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው አቶ ደምለው፣ ገበያው ውስጥ እህል ነጋዴ፣ ድምፁ ከሚዛኑ የሚከብድ ሰው። አያ ካሴ፣ ከጉና ሥር የሚያርሱ ገበሬ፣ የልጅ ልጃቸው እዚህ ስለሚማር የገቡ። ሦስተኛው መሪጌታ ላቀው፣ የቅኔ መምህር፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም ሰው ገባኝ ብሎ ቤቱ ከደረሰ በኋላ የማይገባው ዓይነት።

የሰኞ ገጽ አለፈ። ማክሰኞም በምስጋና አለፈ። ትርንጎ ሦስተኛውን ገጽ ስትገልጥ አቶ ደምለው እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይህ ምን ቀን ነው?»

«ሮብ።»

«ምን እየበላች ነው?»

«ፍልፈል።»

«በሮብ?»

ትርንጎ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት። ቀልድ እንዳልሆነ ስታውቅ «ጋሽ ደምለው፣ አውሬ ናት እኮ!» አለች።

«እሷማ አውሬ ናት። ልጄ ግን አውሬ አይደለችም። ነገ ጠዋት ‹ቀበሮዋ በሮብ ሥጋ በልታለች፣ እኔስ?› ብትለኝ ምን ልበላት?»

አያ ካሴ በትራቸውን መሬት ላይ ቸከል አደረጉ። «ደግሞስ አውሬ አይጾምም ያለው ማን ነው? በነነዌ ጊዜ ከብቱ ሳይቀር ጾሟል። የጉና ቀበሮ ከነነዌ በሬ በምን ትበልጣለች?»

እኔ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ሁላችንም ወደ መሪጌታ ዞርን። እሳቸው የጅባራውን ሥዕል እያዩ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «የነነዌ በሬ የጾመው ባለቤቱ ስላሠረው ነው» አሉ። «ቀበሮዋን ማን ያሥራታል?»

«እንግዲያው ትጹም ነው አትጹም የሚሉት መሪጌታ?» አለ ደምለው።

«እኔ የቀበሮ ንስሐ አባት አይደለሁም» አሉና ወደ ጅባራቸው ተመለሱ።

ፍርዱ ስላልተገኘ ማስታረቁ ለእኔ ቀረ። ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ካላስከፋ ሽምግልናው አልሠመረም ይባላልና፣ ረቡዕና ዓርብ ቀበሮዋ ፍልፈሉን ትታ ገብስ ብትቀምስ ምን ይመስላችኋል አልሁ። ደምለው «ይህ ነው እንጂ!» ብሎ ጭኑን መታ። አያ ካሴ ግን ከወንበራቸው ተነሡ።

«ገብስ? የማንን ገብስ?»

«የሥዕል ገብስ ነው አያ ካሴ» አልኋቸው።

«ከጉና ሥር ገብስ ያለን እኛ ነን። ልጆቹ ቀበሮ ገብስ ትጨርሳለች ብለው ተምረው ነገ ድንጋይ ይዘው ቢወጡባትስ? ማሳዬን የሚያርሰው ፍልፈሉ ነው። እሷ ናት የምትለቅምልኝ። ፍልፈሏን ትብላ!» አሉና፣ ጥቂት አሰብ አድርገው «ሮብ ግን አይሁን» ብለው ተቀመጡ።

የጉና ፍልፈሎች ይህን ውሳኔ ቢሰሙ ረቡዕን የገበያ ቀናቸው ባደረጉት ነበር።

በር አንዴ ከተከፈተ የሚገባው ብዙ ነው። ዓርብም እንደ ረቡዕ ተሠረዘ። ቅዳሜና እሑድ ማደን ሥራ ነው ተባለ፤ በሰንበት ሥራ የለም። ሐሙስን ልናሳልፍ ስንል «ሐሙስ ማርያም ብትውልስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ከባድ ጥያቄ ስለሆነ ሐሙስ በይደር ተያዘች። ቀበሮዋ በሳምንት ሁለት ቀን የምትሠራ ሆና ቀረች። እኔ ራሴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሁ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

ትርንጎ መጽሐፏን ዘጋች። «በእናንተ ሳምንት ብትኖር ይህች ቀበሮ ለመስከረም አትደርስም» አለች። «ሞታ ነው የምትገኘው። የሞተች ቀበሮ ሥዬ ነው ለልጆቹ የማሳየው?»

ደምለው ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፋ። «የኔ እህት፣ ድካምሽ ጠፍቶን አይደለም። ለልጆቹ ብለን ነው። ካልተስተካከለ ግን ቅዳሜ መደርደሪያ ላይ አይወጣም።»

ይህን ጊዜ ነው በዕድሜዬ አንዴ የመጣልኝ ሐሳብ የመጣልኝ። ቀበሮዋ በሥዕሉ ላይ ፍልፈል እንጂ ቀን አልያዘችም። ረቡዕ መሆኑን ያሳበቀባት ጽሑፉ ነው። «ጽሑፉ ቢወጣ፣» አልሁ፣ «ቀኑን ማን ያውቃል?»

የኮሚቴው ፊት ሲበራ ብታዩ! ደምለው «የተማረ ሰው ይግደለኝ!» አለ፤ አያ ካሴ መረቁኝ፤ መሪጌታም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ አስተያየታቸው አድናቆት ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ፊደል የሌለበት መጽሐፍ ስሕተት አይገኝበትምና በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ትርንጎ ቤት ገብታ ነጭ ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ እየቆረጠች፣ በየሥዕሉ ግርጌ የጻፈችውን ሁሉ እየሸፈነች ለጠፈች። ቁስል የምታስር ነበር የምትመስለው። ስትጨርስ «ጋሼ፣ ልጆቹ ምን ሊያነቡ ነው?» አለችኝ። እኔ መጽደቁን እንጂ መነበቡን አላሰብሁትም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። የንባብ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ለመክፈቻው አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ ተባለ። አቶ ደምለው ሰብሳቢ ነውና «የኔዋ ታንብብ» አለ። ትርንጎ ደነገጠች። የደምለው ልጅ የሺ ከክፍሉ ሁሉ በንባብ የምትቸገር ናት፤ ሁለት ቃል ሳታነብ አንገቷን ትደፋለች፤ አባቷም ይህን ስለሚያውቅ ሌሊት እንቅልፍ የለውም ይባላል። ትርንጎ ሌላ ልጅ ልትጠራ ብትሞክር «የለም፣ የኔዋ!» አለ። ላብ ላብ ብሎታል።

የሺ ወደ መደርደሪያው ሄደች። የእርዳታውን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየገለጠች መለሰቻቸው፤ በየገጹ ፊደል ተሰልፎ ይጠብቃታል። የቀበሮዋን ስትገልጥ ግን ቆመች። ተመቻት መሰለኝ። ጣቷን ነጩ ወረቀት ላይ አድርጋ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየጎተተች ጀመረች።

«ብርድ ነው። ቀበሮዋ ቁጭ ብላለች። ሆዷ ይጮሃል።» ገለጠች። «ፍልፈሉ ወጣ። አላያትም። እሷ ግን አየችው። ዝም አለች። ዝም…» ወላጁ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። «ዝም… ያዘችው! ጆሮው ሳይቀር በላችው። ጣፈጣት!»

ደምለው ልጁ ሳትደናቀፍ ስታነብ ሰምቶ አያውቅም። መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነው፤ ያን ትልቅ መዳፉን ሲያማታ እንባው ይወርዳል። «አነበበች! እናንተዬ፣ ልጄ አነበበች!» እያለ ወደ መጽሐፉ ሮጠ፤ ያነበበችውን ለጎረቤቱ ሊያሳይ። ቢያይ ባዶ ነው። ከላይ ሥዕል፣ ከታች ነጭ ወረቀት።

ጥቂት አሰበ። ከዚያ የሰብሳቢነት ድምፁ ተመለሰ። «ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እንዲህ ያለ ንባብ ተነብቦ ሳይጻፍ ይቀራል? ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ ይባላል? መምህርት፣ ያለችው ይጻፍበት! አሁኑኑ!»

ትርንጎ እስኪደግመው አልጠበቀችም። ብዕሯን አውጥታ ነጩ ወረቀት ላይ ትጽፍ ጀመር፤ የሺም ትነግራታለች። ፍልፈሉ ጋ ሲደርሱ አያ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀኑስ? ቀኑ ምን ተብሎ ሊጻፍ ነው?»

ሁሉም መሪጌታን አየ። መሪጌታ ደግሞ በአገጫቸው ወደ የሺ አመለከቱ። «ያነበበችው እሷ። እሷን ጠይቋት።»

የሺ ሥዕሉን አየች፣ ሰዉን አየች፤ ይህ ሁሉ ትልቅ ሰው እንዴት እንደጠፋው ገርሟት «የራባት ቀን ነዋ!» አለች።

ትርንጎ «የራባት ቀን» ብላ ጻፈች። ደምለው ጎንበስ ብሎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወሩን ሙሉ ከአንድ እስከ ሠላሳ በሐሳቡ ቆጠረ፤ እንዲህ የሚባል ቀን ጾምም በዓልም ሆኖ አላገኘውም።

አጸደቀው።