ትርፍ የተባለው ሽቦ

የፀዳ ከተማው ነዋሪ ክቡር አቶ ህሩይ፣ ከአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት በጡረታ ከተገለሉ በኋላ፣ አገር ያለ መካኒክ እንዳትቀር በማሰብ ራሳቸውን መካኒክ አድርገው ሾሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኘሁ ሹመቱን ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው በአንድ ድምፅ ውድቅ ተደረገ። ድምፁ የአቶ ህሩይ ነበር።

የሹመቱ የመጀመሪያ ፍሬ ከአባታቸው የወረሷት አሮጌ ላንድሮቨር ናት። የደከመው ሞተሯ ወጥቶ፣ ከተገለበጠ ፒካፕ የተነቀለ ሞተር ገባላት። ሞተሩን አዘዞ ያሉ ሠራተኞች ገጠሙት፤ የኤሌክትሪኩን ሥራ ግን አቶ ህሩይ «ይኼ ጥበብ ይጠይቃል» ብለው ለራሳቸው አስቀሩት። ስልካቸው ላይ ሦስት ቪዲዮ አይተዋል፤ አንዱን እስከ መጨረሻው።

ሥራው በስኬት ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ የግራው ፍሬቻ ሲበራ የዝናብ መጥረጊያው ይወዛወዛል፤ ፍሬን ሲረገጥ ክላክሱ ይጮኻል፤ ቁልፉ ሲዞር ከሞተሩ በቀር ሁሉም ይንቀሳቀሳል። አቶ ህሩይ አልደነገጡም። ፊውዝ ቀየሩ፤ ባትሪ ቀየሩ፤ ቁልፉንም ራሱን ቀየሩ። በመጨረሻ አሥራ አራት ገጽ ጥናት ጽፈው፣ «ነባሮቹ ክፍሎች ከአዲሱ ሞተር ጋር በመላመድ ሂደት ላይ መሆናቸው ተረጋግጧል» ሲሉ ደመደሙ።

«ኧረ የሚያውቅ ሰው ይጠራ» አሉ እታገኘሁ።

«ሂደት ላይ ነን አልኩሽ!»

ሂደቱ ሳያልቅ የእህታቸው ልጅ የወንጌላዊት ሠርግ ደረሰ። ሙሽሮቹን ከፀዳ ወደ ሙሽራው አገር ወደ ድብ ባሕር የሚያደርሱት አቶ ህሩይ ናቸው። በኪራይ የተያዘውን መኪና እንኳ «እኛ ቤት ማኪና እያለ!» ብለው ያሰናበቱት እሳቸው ነበሩ።

እሑድ ጠዋት ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። አቶ ህሩይ ስለ ትዳርና ቴክኖሎጂ የሃያ ደቂቃ አጭር ንግግር አድርገው ቁልፉን አዞሩ። ክላክሱ ጮኸ። ደገሙት። ክላክሱም ደገመ፤ ሠለሱት፤ ክላክሱም ሠለሰ፤ መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ላይ እስክስታ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ ሙሽራዋ የተነሣች መስሎት በእልልታ ወጣ። ሴቶቹ በየጩኸቱ አልቅሰው ተሰናበቷት።

«አጎቴ» አለች ወንጌላዊት፣ «ሦስት ጊዜ ተሸኘሁ። መቼ ነው የምሄደው?»

አቶ ህሩይ መሬት ተከፍታ ከነላንድሮቨራቸው ብትውጣቸው በወደዱ።

ከሚዜዎቹ አንዷ ምስጢር የምትባል ልጅ ናት፤ ከተማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። የሐበሻ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ኮፋኖውን ከፈተችና «ማሳው የታለ?» አለች።

የሙሽራው አባት አያ ዳኛው ገበሬ ናቸው፤ የተጠየቁት እሳቸው መሰላቸው። «ድብ ባሕር ነዋ! ገብስ ዘርተንበታል፤ ዘንድሮ ሸጋ ነው።»

«እሱን አይደለም፣ አያ። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ሽቦ ነው። እሱ ከሌለ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ ባገኘው ይገባል።»

«እሱንማ አነሣሁት» አሉ አቶ ህሩይ፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ጫፉ ባዶ ብረት ላይ ነበር የታሰረው። ትርፍ መስሎኝ።»

ምስጢር ከጎረቤት ሽቦ አስመጥታ አሰረችው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሞተሩ ተነሣ፤ ክላክሱ ዝም አለ። አቶ ህሩይም እስከ ድብ ባሕር ዝም አሉ።

ዳሱ ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው የአገር ሽማግሌዎች ከበቧቸው። «አያ ህሩይ፣ የሞተር ሊቅ ነዎት አሉን። ወፍጯችን ከቆመ ወር ሆነው፤ እባክዎ ይዩልን።»

አቶ ህሩይ ተነሡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አጭር ንግግር ተናገሩ።

«ወገኖቼ፣ እኔ ዋናውን ሽቦ ትርፍ ብዬ የጣልኩ፣ ከጣልኩ በኋላም አሥራ አራት ገጽ የጻፍኩ ሞኝ ነኝ። ወፍጯችሁን ከወደዳችሁት ለእኔ አታሳዩኝ። የምታውቀው ይህች ሚዜ ናት።»

ከዚያ አንድ ቄስ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«አቤት ትሕትና! እውነተኛ ሊቅ እንዲህ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።»

ጭብጨባው ዳሱን አናጋው። ወዲያው የወፍጮ ጥገና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አቶ ህሩይም በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኑ። ምስጢር ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

አቶ ህሩይ «እምቢ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን «ጸሐፊ ማን ይሁን?» የሚል ነበር።