የሊቀ ካንዴላ ሚልኪያስ ጆሮ

የሌላ ሰው ሞተር ድምፅ ራስ ምታት የሚሆንበት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የገዛ ጣሪያው እያፈሰሰ የጎረቤቱ ካርቡሬተር እንቅልፍ ይነሳዋል። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ካቻቢቴ ከኪሱ አይለይም፤ ምስጋና አይሻም፤ እንዲቆጣ ብቻ ከፈቀዱለት ይበቃዋል። ለሸዋ ሮቢት የደረሷት ጋሼ ሚልኪያስ ናቸው፤ በማዕረግ ስማቸው ሊቀ ካንዴላ። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ ሊነጥቃቸው የደፈረም የለም።

ግዛታቸው ዘይት ከቤንዚን ቀላቅለው የሚጠጡ፣ አሸዋና ኮረት የማይመልሳቸው፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የተረፉ ትንንሽ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። የቅልቅሉ ሕግ እንደ ጾም ሕግ አይጣስም፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን ሁለት የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ዘይት። "ዘይት የነፈገ ሞተሩን ይቀብራል፤ ያበዛ አገር ያጥናል!" ይላሉ። መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠውን ቤንዚን አንድ ጠብታ መዳፋቸው ላይ ጣል አድርገው እፍ ይሉበታል። ቶሎ ካልደረቀ ነጭ ጋዝ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሻጩን ዘር ማንዘር ሳይረግሙ አይመለሱም።

አንድ ቀን ቀብር ላይ ነበሩ፤ የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ። የሽንኩርት ነጋዴው አብዱልመጂድ ሞተሩን ደብረ ሲና አሠርቶ ሲወርድ ባጠገባቸው አለፈ። ጋሼ ሚልኪያስ የሳጥኑን ጫፍ ለጎረቤት አስረክበው አስፋልቱ መሃል ገቡ።

"አጥፋ! አጥፋ አልኩህ! ደጋ ላይ ነዳጁን ቀንሰውልህ ቆላ ወርደህ ትነዳለህ? እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ ይሄ አይበቃውም። ፒስተኑ ተጣብቆ አንተንም ከሰውየው ጎን ያስተኛህ?"

ለቀስተኛው ቆሞ ጠበቀ፤ ማስተካከያው እስኪያልቅ ሟችም ጠበቁ። "ወላሂ፣ ጩኸታቸው ሟቹንም የሚቀሰቅስ መስሎኝ ነበር" ይላል አብዱልመጂድ እስከ ዛሬ።

ሙያቸው ሁሉ ጆሯቸው ላይ ነበር። ደጃፋቸው ተቀምጠው፣ ሞተሩ ገና በጀውሃ በኩል ብቅ ሳይል "ኑርሃን ናት፤ ሰንሰለቷ ላልቷል" ይሉ ነበር። ኑርሃን የከብት ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭና የቀወት ወረዳን ቀበሌዎች የምታዳርስ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ቤንዚን መቀላቀሉንም ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ማንበቡንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እየተቆጡ። ካንዴላ ከጠቆረ ሞተሩ ከልክ በላይ ጠግቧል፤ ከነጣ ተርቧል፤ የዳቦ ቅርፊት ከመሰለ ጤነኛ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ግንቦት ላይ ነው። በዚያ ሐሩር ኑርሃን እሳቸው ዘንድ ሞተሯን አሠርታ ወጥታ፣ ደረቁን ወንዝ ሳትሻገር ሞተሩ መጮህ ጀመረ፤ የነዳጅ እጀታውን ስትለቀው እንኳ ድምፁ አልወርድ አለ። አቁማ ካንዴላውን ብትፈታው እንደ ጨው ነጥቷል። ቤንዚኑ ይሆናል ብላ አለፈችው። በሳምንቱ ስትመለስ ግን ጋሼ ሚልኪያስ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎማ ይለጥፋሉ። ሞተሩን ሳታጠፋ ከኋላቸው ቆመች። አልዞሩም። ነዳጅ ሰጠችው፤ ግቢው ተንቀጠቀጠ። አሁንም አልዞሩም። ጥላዋ እጃቸው ላይ ሲያርፍ ብቻ ደነገጡ።

"መቼ መጣሽ?"

"አሁን ነው ጋሼ" አለች።

ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ የላቸውም። ደጃቸውን የሚረግጠው ሞተር የተበላሸበት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እያለቀ ነው፤ አብዱልመጂድ እንኳ ሞተሩን ሸጦ ባጃጅ ገዝቷል። ጆሯቸው መሄዱ ከተሰማ የቀሩት ሁለት ሦስት ደንበኞችም አይመጡም፤ እሳቸውም በዚያ ግቢ ብቻቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ኑርሃን መዋሸት ጀመረች። በየሳምንቱ ታሠራለች፤ የተለመደ ቁጣቸውን ትቀበላለች፤ "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ትወጣለች፤ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ካለች ግራር ሥር ቆማ፣ ሞተሩ ነዳጅ እንዳይርበው የአየር ብሎኗን ሩብ ዙር ታጠብቃለች። የሌሎቹንም ደንበኞች ሞተር መንገድ ላይ እያስቆመች እንዲሁ ታደርጋለች። ሰዉ ነገሩን አላወቀም፤ "የሽማግሌው በሽታ ተጋባባት" እያለ ሳቀባት። እሷ ግን ያን ሰሞን ሳቅ አልነበራትም።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ጋሼ ሚልኪያስ ካንዴላዋን ፈተው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ ወደ ብርሃን አቅርበው ብዙ አዩት።

"ኑርሃን።"

"አቤት።"

"ባለፈው ብሎኗን አብዝተሽ አጥብቀሻታል። ጠቁሯል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?" ብላ ጮኸች።

"አትጩሂ፣ አፍሽን አያለሁ። ሁለት ዙር ያላላሁት ብሎን በየሳምንቱ ሩብ ጎድሎ ሲመለስ ማን የነካው ይመስልሻል? መልአክ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ጆሮሽን እየፈተንኩ ነበራ። ሁለት ወር ሙሉ ባለፈው ብቻ ነው የሳትሽው።" ድምፃቸው ወረደ። "እኔ የራሴንም ቁጣ በቅጡ አልሰማውም፣ ልጄ።"

ኑርሃን አለቀሰች። እሳቸው እንዳላዩ ሆኑ፤ ካንዴላውን መልሰው ገጠሙት፤ ካቻቢቴያቸውን መዳፏ ላይ አኖሩላት። የራሳቸውን እጅ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ አሳረፉ።

"አስነሺው።"

ረገጠችው፤ ተነሳ። ጋሼ ሚልኪያስ ዓይናቸውን ከአፏ ሳይነቅሉ "ምን ይላል?" አሉ።

ኑርሃን ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ከንፈሯን በደንብ እንዲያዩት ቀና ብላ፣ የምትሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።