የተፈራ ጉንጭ

በአገራችን ሰው በስልክ አይሞትም። በስልክ ግፋ ቢል «አመም ያደርገዋል»። ኦቦ ድሪባ፣ የባለቤቴ የተፈራ የእህቱ ባል፣ ከባኮ ደውሎ «ዘነቡ፣ ተፈራን ትንሽ አመም አድርጎታል፤ የድግስ ምግብ ይሆናል፣ አታስቢ» ባለኝ ቀን፣ እኔም እንደታዘዝኩት ሳላስብ ዋልኩ። በማግስቱ ማለዳ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢዬ ሲገቡ ግን ማንም ምንም መናገር አላስፈለገውም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተም እንደ እኛ እንደ አምቦዎች ሰላምታ የምትጀምሩት ሰውን በዓይን በመመዘን ነው? እኛ ዘንድ መንገደኛ ሲመለስ ከመንገዱ በፊት ስለ ጉንጩ ይጠየቃል። ከሞላ «ተመችቶሃል»፣ ከጎደለ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይባላል። ተፈራ ከተማችን ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ቀጭን ነው። ቀጭን ሆኖ አስተማረ፣ ቀጭን ሆኖ አገባኝ፣ ቀጭን ሆኖ ጡረታ ወጣ። አልጋ ላይ ውሎ አያውቅም። ድሪባ ግን በመጣ ቁጥር «ማሊፍ ሁቀቴ? ምነው እንዲህ ከሳህ? ይቺ ሴትዮ አታበላህም?» እያለ ይስቃል። ተፈራም አብሮት ይስቅ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳቁ አጠረ።

የድሪባ ልጅ ልትዳር ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ ተፈራ ከአንድ መድኃኒት ሻጭ ዘንድ፣ ስም ባልተጻፈበት ላስቲክ የተቋጠሩ ኪኒኖች ይዞ መጣ። ማዘዣ የጠየቀው የለም። «ቪታሚን ነው፣ ምግብ ያስበላል» አለኝ።

እውነትም አስበላው። ጉንጩ ሞላ፣ አገጩ ተደረበ፤ ሰፈሩ ምስጋናውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «እትዬ ዘነቡ፣ ምን እያበላሽው ነው? ለእኛም ንገሪን እንጂ!» ገንፎዬ ተመሰገነ። ገንፎው ያው የድሮው ገንፎ ነው።

ፊቱ ሲሞላ እግሩ ቀጠነ። ከወንበር ለመነሳት በሁለት እጁ ይመረኮዛል፣ ውሃ አይበቃውም፣ ትንሽ የተነካው ቦታ ይበልዛል። ይህን ማንም አላየበትም፤ ሰላምታችን ከአንገት በታች አይወርድማ።

ያየችው ሆስፒታል የምትሠራው ጎረቤታችን ሲስተር ሄለን ናት። በሠርጉ ሰሞን ልትጠይቀን ገብታ ፊቱን ትክ ብላ ተመለከተችና፣

«ጋሽ ተፈራ፣ ምን እየወሰዱ ነው?» አለችው።

«ቪታሚን።»

«እስቲ ያሳዩኝ።» ኪኒኑን አገላብጣ አየችው። «ይኼ ሆርሞን ነው። ጉንጭዎም አብጦ እንጂ ወፍሮ አይደለም። ሰውነትዎ ይህንን ራሱ ይሠራው ነበር፤ ከውጭ ሲመጣለት ሥራውን ትቶ ተቀምጧል።»

«እንደ እኔ ጡረታ ወጣ በይኛ!»

ሄለን አልሳቀችም። «በአንዴ እንዳያቆሙት፤ አደጋ አለው። ነገ ሆስፒታል ይምጡና ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎ።»

«ከሠርጉ መልስ፣ ልጄ።»

ከምክሯ ግማሹን ወሰደ። ኪኒኑንም፣ ቤት ጠባቂዋን እኔንም ትቶ ለሠርጉ ባኮ ሄደና ደወለልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ፣ ተገላገልኩ።»

«ሄለን በአንዴ እንዳትተው አላለችህም?»

«ስመለስ ትቆጪኛለሽ» ብሎ ሳቀ።

ሠርጉ ላይ ጨፈረ አሉ። ከዚያ ማስመለስ ጀመረው፣ አቅም አጣ፣ ከተኛበት መነሳት አቃተው። ድግሱ ነው ተብሎ ሻይ በሎሚ ሲሰጠው ቆየ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ሐኪሙ «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ድሪባን ጠየቀው።

«ኧረ ምንም አይወስድም። ጤነኛ ነው፤ እንዴት እንዳማረበት አያዩትም?»

ድሪባ ይህን መልሶ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ነው ለእኔ የደወለው። ተፈራ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። ሐኪሙ የፈለገው መልስ እኔ ጋ ነበር፤ ድሪባ ግን የደወለው ሊያጽናናኝ እንጂ ሊጠይቀኝ አልነበረም። «ላለማስደንገጥ ብዬ ነው» እያለ ለቅሶው ላይ ደረቱን ሲመታ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደግ ሰው ነው። ማናችንም ብንሆን እንደዚያው ነበር የምናደርገው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው የሠርጉ ዕለት የተነሳው ፎቶ ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ቀና እያለ ያየውና «ምን የጎደለው ሰው ነበር? ምንኛ አምሮበት ነበር!» ይላል። እኔ ግን ከጉንጩ ኋላ ባሌን ስፈልግ ዋልኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ቀጭን ሰው ነበር፤ አያጣብባችሁም።