ባይንድ ረስቼ በኔትወርክ ላሳብብ ስል

ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴ እንኳ አልመኝም! እሺ፣ ለአንዳንዶቹ እመኛለሁ። ብቻ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

የምሠራበት ድርጅት አዲስ አበባ ነው፤ የአንድ የውጭ ኢንሹራንስ ኩባንያን ሜይንፍሬም ይንከባከባል። ሜይንፍሬም ማለት ጡረታ አልወጣም ብሎ የቀረ ግዙፍ ኮምፒውተር ነው። እኔ ደግሞ የሙከራ ጊዜዬ ማብቂያ ላይ ነኝ። አንድ የተሻሻለ ፕሮግራም ብቻዬን ከመሞከሪያው ወደ ዋናው ሲስተም ካሻገርኩ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ ተብያለሁ። ቀኑ ዛሬ ነበር!

ሰሞኑን ተፈቅዶልኝ የምሠራው ከቤተሰቦቼ ቤት፣ ከነገሌ ቦረና ነው። ውጭ ባጃጅ ይጮሃል፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፔን ታቅፌያለሁ።

አሁን ትንሽ ትምህርት። አትሽሹ!

ፕሮግራም ሲታደስ ከዳታቤዙ ጋር እንደ አዲስ መተሳሰር አለበት። ይሄ "ባይንድ" ይባላል። ካላደረጋችሁት ዳታቤዙ ፕሮግራሙን "አላውቅህም" ብሎ ይመልሰዋል። በኛ ሲስተም ደግሞ ማሻገሩ ለብቻ፣ ባይንዱ ለብቻ ነው የሚታዘዘው። ሥራውን የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው።

ረሳሁት!

ቆይ ግን፣ ሳትፈርዱብኝ ስሙኝ። ፕሮግራሙን አሻገርኩ። ስክሪኑ "ተሳክቷል" አለኝ። ወደ ባይንዱ ልሄድ ስል በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ገልገሎ ናቸው። የአባቴ የጥንት ወዳጅ፣ ከዋደራ ከተማ ሲመለሱ እኛን ሳይጠይቁ አያልፉም።

እዚህ አገር ሽማግሌ ሲገባ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ ሰላም ማለት የለም። ብድግ ትላላችሁ። በኦሮምኛ ደህና ነሽ ወይ ልጄ፣ ሰላም ነው አሉኝ።

"አካም፣ ኢንተላ ኮ? ናጋ?"

"ናጋ፣ ኦቦ ገልገሎ! እርስዎስ ናጋ?"

ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ዝናቡስ? ከብቶቹስ? እኛ ከብት የለንም፤ ቢሆንም ናጋ ናቸው አልኳቸው። ሰላምታ መሀል ላይ አይቆረጥማ! ከዚያ ሻይ አቀረብኩ። ተመልሼ ሳየው ያ "ተሳክቷል" አሁንም እዚያው ነው። ጎበዝ ልጅ ብዬ ራሴን አመሰገንኩና ላፕቶፑን ከደንኩት።

ከደንኩት!

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ሰናይት፣ በቪዲዮ።

"ሲስተሙ ቆሟል። ካሳ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ፋይሉ አይከፈትም። ባይንድ አድርገሻል?"

ክው አልኩ። "ረሳሁት" ብል እኮ ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል! እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው?

"አዝዤ ነበር፣ ኔትወርኩ ነው የተቋረጠብኝ። ነገሌን ታውቂ የለ? ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም!"

ይሄን የምለው በቪዲዮ ነው። ምስሌ ጥርት ብሎ፣ የግንባሬ ላብ ሳይቀር እየታየ!

ከኋላዬ ኦቦ ገልገሎ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከተማቸው መታማቷ ሳይከነክናቸው አልቀረም፣ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

"ኧረ ኔትወርክ ዛሬ በጣም ጥሩ ነው! አሁን በር ላይ ሆኜ ተልተሌ ካለው ልጄ ጋር በቪዲዮ አወራሁ። ግመሎቹን አንድ በአንድ አሳየኝ! አካም፣ ኢንተላ ኮ? ናጋ?"

ሰናይትም "ደህና ነኝ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ለምኑ እንዳመሰገነቻቸው ገብቷችኋል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ባይንዱን እሷ እያየች አዘዝኩ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ሲስተሙ ተነሳ። በቃ፣ ነገሩ ይቺን ታህል ነበረች።

"የሙከራ ጊዜሽ ይራዘማል" አለችኝ። "ባይንድ ስለረሳሽ እንዳይመስልሽ። እሱን ሁላችንም ረስተን እናውቃለን። ስለዋሸሽኝ ነው።"

ኦቦ ገልገሎ ላይ ልናደድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። "ሥራሽ ይባረክ" ብለው መርቀውኝ ወጡ። አፈርኩ። የምር አፈርኩ። ያሳደገችኝን ከተማ ለማምለጫ ሸጥኳት እኮ!

አሁን ዋናው ችግር ምን መሰላችሁ? እናቴ "ልጄ ቋሚ ሆነችልኝ" ብላ ለቅዳሜ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። በጉ ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ታስሯል። ይኸው ይጮሃል።

እስካሁን አልነገርኳትም። እስቲ ምከሩኝ፣ ምን ልበላት?

ኔትወርክ ነው በያት እንዳትሉኝ ብቻ!