ስም የማይረከበው ተረካቢ

ቁልፍ ሲጨብጥ እውቀቱንም የጨበጠ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አምቦ ውስጥ፣ በማጸዳው የትምህርት ቤት ሙዚየም ገጥሞኛል።

በሙዚየሙ ለማሳያ በጥጥ ተሞልተው የተቀመጡትን ወፎች ለዓመታት የጠበቁት ኦቦ ቶለሳ ጡረታ ሲወጡ አንድ ጓድ ሊረከባቸው መጣ።

«ቁልፍ?»

«ይኸው።»

«ቁም ሳጥን?»

«ይኸው። የወፎቹን ስምና ልዩነትስ ማን ይረከበኝ?»

«ኦቦ፣ እሱ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አለና ማኅተሙን መታ።

እንዴት ያለ ርክክብ ነው? እኔ እንኳ ልጆቼን ለጎረቤት ትቼ ገበያ ስወጣ የትኛዋ ወተት እንደማይስማማት ሳልናገር አልሄድም።

ኦቦ ቶለሳ አገራቸው እንጭኒ ገብተው በዓመቱ አረፉ። በክረምቱ እርጥበት የሁለት ወፎች የስም ወረቀት ተላቀቀ። ወረቀቶቹ እንደሚሉት አንዱ ከጭልሞ ጫካ፣ አንዱ ከደንዲ የመጡ ናቸው፤ መልካቸው ግን ለእኔ አንድ ነው። በስህተት ብለጥፍ የሰው ልጅ ስም የማለዋወጥ ያህል ፈራሁና ጓዱን ጠየቅኩት።

«የፈለግሽው ላይ ለጥፊ እቴ! ማን ያውቃል?»

እውነቱን ነው፤ የሚያውቅ የለም። እሱ ሲወጣ ወረቀቶቹን ይዤ ወደ ወፎቹ ጠጋ አልኩ። «የጭልሞው የቱ ነህ?» ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ጠየቅኳቸው።