የቧንቧው ሊቀ አራዊት

ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ፣ ማንም ያላየውን አውሬ ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። ሊፍት የሌለው ሕንፃ አለ፤ ውሃ የሌለውም አለ፤ አውሬ አዋቂ የሌለው ግን ገና አልተሠራም። ይህ ሰው ጉንዳንን ከምስጥ አይለይ ይሆናል። ከግድግዳው ጀርባ ስለሚኖረው ባለ ሁለት ጅራት ፍጡር ከጠየቃችሁት ግን፣ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ይነግራችኋል።

መምህርቷ በምትኖርበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አውሬ አዋቂው የቧንቧ ሠራተኛው ናቸው። ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ነዋሪው በአንድ ድምፅ “ሊቀ አራዊት” ብሎ ሾሟቸዋል፤ እሳቸውም ሹመቱን ሳያንገራግሩ ተቀብለዋል። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ የመፍቻ ሳጥናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው የሚሄዱ ሰው ናቸው። መታጠቢያ ሥር ይንበረከካሉ፤ ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ይለጥፋሉ፤ ቤተሰቡን በእጃቸው ዝም ያሰኛሉ፤ ከዚያ “አለች” ይላሉ።

“ማን?”

“ዋጢት ናታ!”

ዋጢት በእሳቸው መዝገብ በመታጠቢያ ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር፣ ገላዋ ሳሙና የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየች የማትምር ፍጡር ናት። ፉጬም አለ፤ ቧንቧ ለቧንቧ እያፏጨ የሚዞር፣ አየር ብቻ የሚበላ። “እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም” ላለ ሰው መልሳቸው አንድ ነው፦ “እሱ ግን አይቶሃል።”

ይህ ሁሉ መምህርቷን ያንገበግባት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምራለች። የሌሊት ወፍ ወፍ ነው ብሎ ለጻፈ ተማሪ አንድም ቀን ግማሽ ነጥብ ራርታ አታውቅም። የወጥ ቤቷ ቧንቧ እያፏጨ ሲያስቸግራት ጠራቻቸውና ተያያዙት።

“ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄ ፉጬ የሚሉት አጥቢ ነው ተሳቢ?”

“እንደ አመሉ ነው፣ መምህርት።”

“እንስሳ በአመሉ አይመደብም!”

“ሰውስ?”

“ጋሼ፣ ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ ነው የሚያፏጨው።”

“እኔስ ምን አልኩ? ምግቡ ነው።”

የሦስተኛ ፎቋ ሙሽራ መታጠቢያ የተደፈነ ጊዜ፣ አማቷ በር ላይ ቆመው “የማን ፀጉር እንደሆነ እናያለና!” ይሉ ነበር። ሊቀ አራዊት ረጅም ጥቁር ፀጉር እንደ ገመድ ጎትተው አወጡ። የአማትየው ፀጉር ነጭና አጭር ነው። ሙሽራዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሊቀ አራዊት ፀጉሩን ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው መረመሩና “የሷ ነው” አሉ።

“አላልኩም?” አሉ አማት።

“የዋጢት። በዚህ ወር ነው ፀጉሯን የምትጥለው።”

ጡረተኛው ዳኛ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶባቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በራቸውን ዘግተው ከሰው ተደበቁ። ሊቀ አራዊት ፈልፍለው አወጡት፤ በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ ደረጃ ላይ “ምን ተገኘ?” ላላቸው ሁሉ “ዋጢት አንድ ነገር ውጣ ነበር፤ አልተስማማትምና ተፋችው” እያሉ አለፉ። መምህርቷ ነገሩን ያወቀችው ከዓመት በኋላ ዳኛው ራሳቸው እየሳቁ ሲያጫውቷት ነው።

ነገር የከረረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር የሚሞሉትም፣ ሲሞላ የሚዘጉትም ሽማግሌው ዘበኛ ናቸው። በዚያን ቀን ከፈቱና ሳይዘጉ ቀሩ። ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ውሃው በጣሪያው ሰርጎ፣ የአምስተኛ ፎቁ መጋረጃ ነጋዴ ቤቱ ውስጥ የከመረውን ጣቃ ሁሉ አራሰው፤ የተረፈው በደረጃው እንደ ጅረት ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ነዋሪው ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጡረተኛው ዳኛ፣ ጸሐፊዋ መምህርቷ። ነጋዴው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ዘበኛው ዛሬውኑ ይባረሩ!” ዘበኛውና ባለቤታቸው የሚኖሩት ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው። ሥራው ሄደ ማለት ቤቱም ሄደ ማለት ነው። ባለቤታቸው የክፍሏን በር ገርበብ አድርገው ያዳምጣሉ።

“መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ” አሉ ዳኛው። “ባለሙያው ይናገሩ።”

ዘበኛው ኮፍያቸውን አውልቀው “እኔ ነኝ፣ ልጆቼ፤ እኔው ነኝ...” ብለው ሲጀምሩ፣ ሊቀ አራዊት ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ድረስ ሳሉ።

“ከፋቾ ነው” አሉ።

“ምን?” አለ ነጋዴው።

“ከፋቾ። ታንከር ላይ የሚውል አውሬ ነው። መዳፉ የሰው መዳፍ ይመስላል፤ የተዘጋ ነገር አይወድም። እኚህ ሰውዬ ዘግተው ወረዱ፤ እሱ ተከትሎ ከፈተው።”

“ሰውዬ፣ ንብረቴ ጠፍቶ ይቀልዱብኛል? ማን ያየው አውሬ ነው?”

“እርስዎ አላዩት ይሆናል። እሱ ግን አይቶዎታል።”

ሙሽራዋ ሳቋ አመለጣት። ነጋዴው ደሙ ፈላ፤ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። “መምህርት! እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። እንዲህ የሚባል እንስሳ አለ ወይስ የለም? ይንገሩን!”

“የለም” የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያለችው ቃል ነው። አፏን ከፈተች፤ ግን ሌላ ጠዋት መጣባት። ባሏ የሞተ ሰሞን ነው። የገላ መታጠቢያውን ውሃ ከፍታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሸሚዞቹን ታጥፋለች፤ ታጥፋለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታጥፋለች። ውሃው ከታች ያለችው ጎረቤቷ ቤት ወረደ። ጎረቤቷ እየጮኸች ስትወጣ ሊቀ አራዊት ደረጃ ላይ ያዟት፦ “አትጩሂ፤ ፉጬ ነው የቧንቧውን ማሰሪያ የበጠሰው።” ከዚያ ገብተው ውሃውን ዘጉ፤ ወለሉን ወለወሉ፤ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቋት ወጡ። መምህርቷ በዚያን ቀን መናደዷን ታስታውሳለች፦ አየር ብቻ የሚበላ እንስሳ እንዴት አድርጎ ማሰሪያ ይበጥሳል? በዚህ ተናዳ ስለነበር ስለ ማን ሲሉ እንደዋሹ ሳታስብ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። አውሬዎቹ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ስትጠይቅ ኖራለች፤ መቼ ብቅ እንደሚሉ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ዘበኛው ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዟዙራሉ። ሁሉም እሷን ያያል።

“ሳይንስ ያልመዘገባቸው እንስሳት፣ ከመዘገባቸው ይበዛሉ” አለች በክፍል ድምጿ። ይህ ደግሞ እውነት ነው። “ስለዚህ የለም ብዬ መፈረም አልችልም።”

ዳኛው አገጫቸውን ዳሰሱ። “እንግዲያው ጥፋተኛው ገና አልተያዘም። ባለሙያው፣ መከላከያ አለው?”

“አለው። ውሃው ሲሞላ ራሱን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ዛሬ እገጥማለሁ። ከፋቾ ኳስ አይደፍርም።”

“ጨርቁንም ሁላችንም ወጥተን ጣሪያ ላይ እናሰጣዋለን” አለች ሙሽራዋ፤ አማቷም “እኔም አለሁ” አሉ።

ነጋዴው አንዴ ሰዉን፣ አንዴ ገርበብ ያለውን በር አየ። ክፋቱ የጨርቅ እንጂ የልብ አልነበረም። “ይሁን” አለ ተንፍሶ። “የእኔንም ቤት ግን ይፈትሹልኝ። እዚያ እንዳይለምድ።”

“መምህርት፣ እኔ እኮ ረስቼው ነው፣ እውነቱን...” አሉ ዘበኛው።

“አባባ፣ ይቀመጡ!”

ሽማግሌው እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ባለቤታቸው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሰዉ ጣቃውን ተሸክሞ ወደ ጣሪያ ሲወጣ፣ መምህርቷ ቃለ ጉባኤውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። “ምክንያት” በሚለው ሥር የአውሬውን ስም ጻፈችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

“ጋሼ፣ በደንብ መጻፍ አለበት። ከፋቾ ስንት እግር አለው?”

ሊቀ አራዊት ሳጥናቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። “ስንት ቢሆን ይሻላል፣ መምህርት?”

አሰበች። ስድስት ብትል ከነፍሳት ሊቆጠር ነው፤ ስምንት ብትል ከሸረሪት ወገን። ሁለት ብትል ደግሞ ሰው ሊመስል ነው፤ እሱ ጣጣ አለው።

“አራት” አለች።

ሊቀ አራዊት በአድናቆት አዩዋት።

“እንዴት አወቅሽ?”