ከመገናኛ እስከ ገርጂ የተሰጠ ፈተና

እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደጎች ነን። ልጁን ዓመታት ሙሉ ስለ ባክቴሪያ አስተምረን፣ ጥቁር ጋዋን አልብሰን፣ አብረነው ፎቶ ተነስተን፣ «በል እንግዲህ ሥራ ፈልግ» ብለን እንሸኘዋለን። ሥራ እንዴት እንደሚፈለግስ? እሱ የእኛ ኮርስ አይደለም።

ዘንድሮ ግን ከበላይ «ተማሪዎቻችሁን ለሥራ አብቁ» የሚል ቃል መጣ። እንደ ልማዳችን ሥልጠና እንስጥ ተባለ። ሥልጠና ማለት እኛ እናወራለን፣ እነሱ ያንቀላፋሉ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ለምን ልጆቹን ራሳቸውን አንጠይቅም?» አልኩ። ስንጠይቅ ናትናኤል የሚባል አፉ የማያርፍ ተማሪዬ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ኢንተርቪው ላይ የምንወድቀው ትምህርቱ ጠፍቶን አይደለም፤ ለሰው ማስረዳት አቅቶን ነው። ታክሲ ውስጥ ፈትኑን። ገርጂ እስክንደርስ የምንማረውን ለማናውቀው ሰው እናስረዳ። ሰውየው በራሱ ተነሳስቶ ከጠየቀን አለፍን።»

ስቀን ስናበቃ ተስማማን። መጀመሪያ ዕጣ የደረሳት ሰላማዊት ናት። ፈተና ወረቀት ላይ አንበሳ፤ ድምፅዋ ግን ከከንፈሯ አይርቅም። በቅርቡ ለአንድ ላቦራቶሪ ሥራ ተወዳድራ፣ ስሟን ብቻ ተናግራ ነው የተመለሰችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ አያስቀጥርም ግን።

ከመገናኛ ተሳፈርን። እሷ ቲማቲም የያዙ አንዲት ወይዘሮ አጠገብ፣ እኔ ፈታኙ ከኋላ።

«እናቴ፣ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው?» አለች።

«አዎ ልጄ፣ ምነው?»

«በዓይን ስለማይታዩ ተሕዋስያን ነው የምማረው። የውሃ ታንከራችሁ መቼ ታጠበ?»

ወይዘሮዋ ዞረው አዩዋት። «ታንከር ይታጠባል እንዴ?»

ይኸው፣ አለፈች። ፈተናው ማለቁን ግን ለታክሲው ማን ይንገረው? ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ከፊት አንዱ የልጁን የሆድ ሕመም አነሳ፤ ሌላው ስለ ክሎሪን ጠየቀ። ሰላማዊት ጫጫታውን ለመብለጥ ስትል ጮክ አለች፤ ጮክ ማለት እንደምትችል ያን ቀን አወቅኩ፤ እሷም ያን ቀን ያወቀች ይመስለኛል። ጉንጯ ቀልቶ እየሳቀች ትመልሳለች። ሰው መውረጃው እያለፈው «ወራጅ» ማለት ረሳ። ወይዘሮዋ ለካ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ እሁድ ለነዋሪው እንድታስረዳ ጠሯት። ሄደች፣ አስረዳች፣ ዛሬ ከናትናኤል ጋር የየብሎኩን ውሃ የምትመረምረው፣ በክፍያ፣ እሷ ናት።

የእሷ ነገር በዚህ አማረ። የእኔ ቀረ። ያን ዕለት እዚያው ታክሲ ውስጥ አንድ ኮት የለበሱ ሰው፣ የእሷን ነጥብ ስመዘግብ አይተው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«የልጅቷ መምህር እርስዎ ነዎት መሰለኝ። እርስዎስ ምን አጠኑ?»

ደስ አለኝ። ለዶክትሬቴ ስላጠናሁት፣ በአንድ የሣር ዓይነት ሥር ላይ ስለሚኖር ፈንገስ ጀመርኩ። ከስያሜው ተነስቼ ወደ አመዳደቡ፣ ከአመዳደቡ በእሱ ላይ ወዳለው የምሁራን ክርክር ተሻገርኩ። ታክሲው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አለ። በጥሞና እየሰሙኝ ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ወራጅ አለ» አሉ ሰውየው።

ወረዱ። በመስኮት ዞሬ ሳይ፣ ቤትም ሱቅም በሌለበት መንገድ ዳር ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቀጣዩን የገርጂ ታክሲ ያስቆማሉ።